ሃሪ ፖፕና የሁለት መቶ ያርዱ ውድድር

የመሐንዲስ ስም አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ከሠራው ትልቅ ሥራ ጋር ነው። ድልድይ የዘረጋው በድልድዩ፣ ግድብ የገደበው በግድቡ፣ ሞተር የፈለሰፈውም በሞተሩ ይታወሳል። አሜሪካዊው መሐንዲስ ሃሪ ሜልቪል ፖፕ ግን ረጅም ዕድሜውን ያሳለፈው አንድ ሜትር በማይሞላ የብረት ቱቦ ላይ ነው። ቱቦውም የጠመንጃ በርሜል ሲሆን፣ የተሠራው ለጦር ሜዳም ሆነ ለአደን አልነበረም። የተሠራው በዕረፍት ቀን በየከተማቸው የተኩስ ማኅበር ተሰብስበው፣ ቤተሰቦቻቸው በዛፍ ጥላ ሥር ምሳ ሲበሉ በወዳጅነት ለሚወዳደሩ ሐኪሞች፣ ሰዓት ሠሪዎች፣ ነጋዴዎችና የእጅ ባለሙያዎች ነበር። ሽልማቱም ቢበዛ አንድ ዋንጫ ወይም ጥቂት ገንዘብ ነበር።

ነገሩ ከዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ የፖፕ ሕይወት በመሐንዲሶች መካከል ባልተወሳ ነበር። ነገር ግን ሰውየው ለዚህ ትንሽ ለሚመስል ጨዋታ ሲል የደረሰበት የትክክለኛነት ደረጃ በዘመኑ የነበሩ ፋብሪካዎች ሊደርሱበት ያልቻሉት ሆኖ ተገኘ። ለዚያ ደረጃ የከፈለው ዋጋም ቀላል አልነበረም፤ ድኽነት፣ ብቸኝነትና በደንበኞች ዘንድ ቃሉን የማይጠብቅ ሰው ተብሎ መጠራት ደርሶበታል። ስለዚህ የሕይወት ታሪኩ ማንኛውም መሐንዲስ በሥራ ዘመኑ አንድ ቀን የሚገጥመውን ጥያቄ ያነሣል፤ ይኸውም ሥራን በቀጠሮው ቀን ማስረከብና ሥራን በሚገባው ልክ መጨረስ የተጋጩ እንደ ሆነ የትኛው ይቅደም የሚለው ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሃሪ ፖፕ የተወለደው በ1861 በአሜሪካ ሰሜናዊ ምሥራቅ በኒው ሃምፕሺር ክፍለ ሀገር፣ ዎልፖል በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ወላጆቹን በልጅነቱ በሞት ስላጣ ያደገው በቦስተን ከተማ በዘመዶቹ እጅ ነበር። ከልጅነቱ ጀምሮ ለጠመንጃ ልዩ ፍቅር ነበረው። ይሁን እንጂ ፍቅሩ ከብዙ ወጣቶች ፍቅር የሚለየው፣ ጠመንጃው ስለሚያሰማው ድምፅና ስለሚጥለው አውሬ ሳይሆን፣ ጥይቱ ለምን አንድ ጊዜ እዚህ ሌላ ጊዜ እዚያ እንደሚያርፍ ለማወቅ በመፈለጉ ነው። ይህን የሚመስል ጥያቄ የሚጠይቅ ልጅ መጨረሻው መሐንዲስነት ቢሆን የሚያስደንቅ አይደለም።

በፖፕ የልደት ዓመት በ1861 የመቋቋሚያ ፈቃዱን ያገኘው የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም በዚያን ጊዜ ገና ቦስተን ከተማ ውስጥ የሚገኝ ወጣት ትምህርት ቤት ነበር። ፖፕም ከዚህ ተቋም በ1881 በሜካኒካል ምሕንድስና ተመረቀ። ከምረቃው በኋላ በኮኔቲከት ክፍለ ሀገር ወደምትገኘው ሃርትፎርድ ተጉዞ፣ ዘመዱ ኮሎኔል አልበርት ፖፕ በመሠረተው የብስክሌት ኩባንያ ተቀጠረ። ሃርትፎርድና አካባቢዋ በዚያ ዘመን የልብስ ስፌት መኪና፣ የጦር መሣሪያና የመሣሪያ ማሽን ፋብሪካዎች የተከማቹባቸው ሥፍራዎች ነበሩ። እርስ በርሳቸው ሊተካኩ የሚችሉ ክፍሎችን በብዛት የማምረት ጥበብ ከበለጸገባቸው የዓለም ሥፍራዎች አንዱም ይህ ነበር። ወጣቱ መሐንዲስ ቀን ቀን በዚህ ሥርዓት ውስጥ ሲሠራ፣ ማታ ማታ ደግሞ ከሥርዓቱ ጋር ፈጽሞ የማይስማማ የግል ሥራ ጀመረ። በእግር በሚረገጥ ቶርኖ ላይ ለገዛ ጠመንጃው በርሜል ይቦረቡር ነበር።

በርሜሉ የሚፈለግበትን ጨዋታ ሳይረዱ የፖፕን ሥራ መረዳት ያስቸግራል። ከ1848 የጀርመን አብዮት መክሸፍ በኋላ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ጀርመናውያን ወደ አሜሪካ ተሰደዱ። ከሀገራቸው ይዘዋቸው ከሄዱት ልማዶች አንዱ ሹትዘን የሚባለው የተኳሾች ማኅበር ነበር። በኒው ዮርክ፣ በሲንሲናቲ፣ በሴንት ሉዊስ፣ በሚልዋኪና በሳን ፍራንሲስኮ እንዲሁም በብዙ ትናንሽ ከተሞች ማኅበሮቹ ተቋቋሙ። ማኅበሮቹ የተኩስ ቦታ ብቻ ሳይሆኑ የመዘምራን፣ የሙዚቃና የምግብ መሰብሰቢያም ነበሩ። በዓመት አንድ ጊዜ ብልጫ ያሳየው ተኳሽ የማኅበሩ ንጉሥ ተብሎ ሜዳሊያ ይንጠለጠልለታል፤ ለሚቀጥለው ዓመትም ሌላ ንጉሥ እስኪነሣ ድረስ በዚያው ማዕረግ ይጠራል። ከጀርመናውያኑ ሌላ ነባሮቹ የኒው ኢንግላንድ ነዋሪዎችም የራሳቸው ማኅበሮች ነበሯቸው። ከእነዚህ መካከል በ1875 የተመሠረተውና በቦስተን አቅራቢያ በዎልነት ሂል ሜዳ የነበረው የማሳቹሴትስ የተኩስ ማኅበር ስመ ጥር ነበር።

የውድድሩ ደንብ አጭር ነው። ተኳሹ ምንም ሳይደገፍ በሁለት እግሩ ቆሞ፣ 200 ያርድ ማለትም 183 ሜትር ያህል ርቆ ወደሚገኝ ዒላማ ይተኩሳል። በጀርመናውያኑ ዒላማ ላይ 25 ቀለበቶች ተሥለዋል። የመካከለኛው ክብ ስፋት አንድ ኢንች ተኩል ወይም 38 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ 25 ነጥብ ያስቆጥራል፤ ከዚያ ወደ ውጭ በተሄደ ቁጥር በየቀለበቱ አንድ አንድ ነጥብ ይቀንሳል። አሥር ጊዜ ተኩሶ ሁሉንም ከመካከለኛው ክብ የሚያስገባ ሰው ቢገኝ 250 ነጥብ ያገኝ ነበር። ነገር ግን ከተኳሹ ዓይን ሆኖ ሲታይ ያ ክብ ከአንድ ዲግሪ ሰማንያኛ እጅ ያነሰ ማዕዘን ብቻ ይሸፍናል። የሰው እጅ ይንቀጠቀጣል፤ ልብ ይመታል፤ ነፋስ ጥይቱን ይገፋል። እርሳሱ ከአፈሙዙ ወጥቶ ዒላማው እስኪደርስ ድረስ ግማሽ ሴኮንድ ያህል ስለሚፈጅ፣ በዚያች ቅጽበት የሚያልፍ ነፋስ የአንድ ሰው የሳምንት ዝግጅት ሊያበላሽ ይችላል።

ይህ ሁሉ የሰውና የተፈጥሮ ስሕተት ባለበት፣ ጠመንጃው የራሱን ስሕተት እንዳይጨምርበት ማድረግ የጠመንጃ ሠሪው ድርሻ ነው። ተኳሹ ስቶ እንደ ሆነ በእርሱ ጥፋት፣ መትቶም እንደ ሆነ በእርሱ ብልኀት መሆኑ መታወቅ አለበት። በወዳጆች መካከል የሚደረግ ውድድር ትርጉም የሚኖረውም በዚህ ብቻ ነው፤ አለዚያ ዳኝነቱ የዕድል ይሆናል። ፖፕም ዕድሜውን የሰጠው ለዚህ ነበር ማለት ይቻላል። እርሱ ራሱ በዘመኑ ከታወቁት ተኳሾች አንዱ ስለ ነበረ፣ ችግሩን የሚያውቀው ከሠንጠረዡ ብቻ ሳይሆን ከተኩሱ መስመር ላይ ቆሞ ጭምር ነው።

የፖፕ ጠመንጃ አሠራር ለዘመኑም ቢሆን እንግዳ የሚመስል ነበር። በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ጥይትን ከኋላ መክተት የተለመደ ሆኖ ሳለ፣ የእርሱ ጠመንጃ ባሩዱን ከኋላ፣ እርሳሱን ግን ከፊት በአፈሙዙ በኩል ይጎርሳል። ምክንያቱ በጥናት የተደገፈ ነበር። እርሳስ በጠመንጃው ጠምዛዛ ቦዮች ውስጥ በኃይል ሲገባ ጠርዙ ይጨፈለቃል። ከኋላ ከገባ ጭፍላቂው በጥይቱ መቀመጫ ላይ እንደ ጅራት ሆኖ ይቀራል፤ ጥይቱ ከአፈሙዙ በሚወጣበት ቅጽበትም የባሩዱ ጢስ በአንዱ በኩል ቀድሞ ሾልኮ ጥይቱን ከመስመሩ ያወጣዋል። ከፊት ሲገባ ግን ጭፍላቂው ወደ ጥይቱ አፍንጫ ይገፋና መቀመጫው እንደ ተላገ ሳንቃ ጥርት ብሎ ይቀራል። ከዚህም በላይ ወደ ውስጥ የሚገፋው እርሳስ ያለፈውን ተኩስ ጥላሸት እየጠረገ ስለሚወርድ፣ እያንዳንዱ ጥይት ያው ዓይነት መንገድ ያገኛል።

ይህን ለማድረግ የሚያገለግለው መሣሪያ ተነቃይ አፈሙዝ ይባላል። ለዚህ መሣሪያ በ1840 በአሜሪካ የባለቤትነት መብት ያስመዘገበው አልቫን ክላርክ ሲሆን፣ ይህ ሰው በኋላ ዘመን ከልጆቹ ጋር የዓለምን ታላላቅ የቴሌስኮፕ ሌንሶች በመሥራት የታወቀው ክላርክ ራሱ ነው። ጠመንጃ ሠሪው ቦዮቹ ከመቆረጣቸው በፊት ከበርሜሉ ጫፍ ላይ አጭር ቁራጭ ቆርጦ ያወጣል። ከዚያም ቁራጩን በቀጫጭን ችንካሮች መልሶ ይገጥምና በርሜሉንና ቁራጩን እንደ አንድ አካል አድርጎ ቦዮቹን ይቆርጣል። ስለዚህ ሁለቱ በማንኛውም ጊዜ ሲገጣጠሙ ቦይ ከቦይ ጋር ሳይዛነፍ ይገናኛል። የቁራጩ ውጫዊ አፍ ትንሽ ሰፋ ተደርጎ እርሳሱ ያለ ጉዳት እንዲገባ ይደረጋል፤ እርሳሱ ከተገፋ በኋላ ቁራጩ ይነሣል። ተኳሹ ሳያነሣው ቃታውን የሳበ እንደ ሆነ ግን ተነቃዩ አፈሙዝ ከጥይቱ ጋር ተስፈንጥሮ ይሄዳል፤ ሊተካ የማይችለው የጠመንጃው ግማሽ ነፍስም አብሮት ይጠፋል። በዚህ ምክንያት አንዳንድ ሠሪዎች ቁራጩ ካልተነሣ ማነጣጠሪያውን የሚጋርድ ብረት ያበጁለት ነበር። የሰውን መዘንጋት አስቀድሞ አስቦ መከላከያ ማበጀት የመልካም ምሕንድስና ምልክት ነው።

ከበርሜሉ ውስጥ የነበረው ሥራ ደግሞ ከዚህ የረቀቀ ነው። ፖፕ ወደ ግራ የሚዞሩ ስምንት ሰፋፊ ቦዮችን በመካከላቸው ጠባብ ጠርዝ ትቶ ይቆርጣል። የቦዮቹ ጠመዝማዛነት ከኋላ ዝግ ብሎ ይጀምርና ወደ አፈሙዙ እየቀረበ ሲሄድ ይፈጥናል። የበርሜሉ ውስጥ ስፋትም ወደ አፈሙዙ በዓይን በማይታይ መጠን ይጠባል። መቁረጫው አንዲት ትንሽ ስል ብረት ናት። በአንድ ማለፍ የምታነሣው ብናኝ እጅግ ቀጭን ስለ ሆነ እያንዳንዱን ቦይ ለመጨረስ ብዙ ጊዜ መመላለስ ነበረባት። እጅ ከቸኮለ ወይም ብረቱ ከደነዘዘ የቀናት ልፋት በአንድ ጭረት ይጠፋል። ፖፕ ለደንበኞቹ በርሜሉን ብቻ ሳይሆን የእርሳስ ማቅለጫ ቅርጹን፣ የቅባት መጨመሪያውን፣ መግፊያ ዘንጉንና ባሩድ መሙያውን አንድ ላይ አስማምቶ ይሰጥ ነበር። ጠመንጃን እንደ አንድ ዕቃ ሳይሆን ክፍሎቹ እርስ በርስ እንደሚደጋገፉበት ሥርዓት ማየቱ ከመሐንዲስነት ትምህርቱ የመጣ መሆኑ አያጠራጥርም።

በ1890ዎቹ ዓመታት የፖፕ ስም በየማኅበሩ መነሣት ጀመረ። በ1895 የአሜሪካ ተኳሾች ኅብረት በኒው ዮርክ በግሌንዴል መናፈሻ ታላቅ በዓል ባደረገበት ዘመን፣ ጥሩ በርሜል ያለው ሰው ማን እንደ ሆነ በሰልፉ መካከል ይወራ ነበር። የፖፕን ስም ከሁሉ ይልቅ ከፍ ያደረገው ግን በ1901 በኮሎራዶ የተደረገ አንድ ተኩስ ነው። ሲ. ደብሊው. ሮውላንድ የተባለ የቦልደር ከተማ ሰው በፖፕ በርሜል፣ ጠመንጃውን በመደገፊያ ላይ አስቀምጦ፣ በ200 ያርድ አሥር ጥይቶች ተኮሰ። ከቀዳዳዎቹ እጅግ የተራራቁት ሁለቱ ከመካከል እስከ መካከል ሲለኩ ርቀታቸው 0.725 ኢንች ወይም 18 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ሆነ። ይህ ውጤት በተኩስ መጻሕፍት ውስጥ ለብዙ አሥርተ ዓመታት እንደ ወሰን ድንጋይ ሲጠቀስ ኖሯል።

በዚያው ዘመን በማሳቹሴትስ ሚልፎርድ ከተማ ይኖር የነበረው ሐኪም ፍራንክሊን ማን የፖፕን ጥያቄ በሌላ መንገድ ይመረምር ነበር። ዶክተር ማን የአጥንት መፍጫ መኪና ሠርቶ ባገኘው ሀብት የራሱን የተኩስ ሜዳ አዘጋጀ። በርሜሉን በከባድ የኮንክሪት ምሰሶ ላይ አጋድሞ፣ በመንገዱ ላይ የወረቀት መጋረጃዎች እየዘረጋ ጥይቱ በየርቀቱ ያለበትን አቅጣጫ ይመዘግብ ነበር። ለሙከራው ካገለገሉት በርሜሎች መካከል የፖፕ እጅ ሥራዎች ይገኙበታል። በ1909 ባሳተመው መጽሐፍም የጥይቱ መቀመጫ ከአፈሙዙ ሲወጣ ያለበት ሁኔታና የጥይቱ ሚዛን የስሕተት ዋና ምንጮች መሆናቸውን በሙከራ አሳየ። ፖፕ በእጁ ልምድ የደረሰበትን፣ ማን በመለኪያ አረጋገጠው። የአንዱ ሥራ ያለ ሌላው ጎዶሎ ይሆን ነበር።

ስሙ የገነነ የእጅ ባለሙያ ሁሉ የሚያጋጥመው ፈተና ፖፕንም አልቀረለትም። በ1901 በማሳቹሴትስ ቺኮፒ ፎልስ የሚገኘው የስቲቨንስ የጦር መሣሪያ ኩባንያ የፖፕን ሥራ በፋብሪካው ውስጥ እንዲያካሂድ ተዋዋለው። ኩባንያው ስሙን ከራሱ ስም ጋር አጣምሮ በርሜሎቹን ለገበያ አቀረበ። ለፖፕ የተረጋጋ ደመወዝ፣ የተሟላ መሣሪያና ረዳት ሠራተኛ ማግኘት ትልቅ ዕድል ነበር። ለኩባንያው ደግሞ የታወቀ ስም ማግኘት ነበር። ነገር ግን ፋብሪካ የሚኖረው በቁጥር ነው፤ በቀን ይህን ያህል፣ በወር ይህን ያህል መውጣት አለበት። የፖፕ በርሜል ደግሞ የሚያልቀው ሲያልቅ ነው። ጥቂት ዓመታት አብረው ከሠሩ በኋላ ፖፕ ኩባንያውን ተሰናብቶ ወጣ። ስሙ ግን ከእርሱ መውጣት በኋላም በኩባንያው ዕቃ ላይ ቆይቷል። አንድ ባለሙያ ስሙን ከሸጠ በኋላ እጁን ብቻ ይዞ መውጣቱ መራራ ነገር ነው።

ፖፕ አዲስ ሕይወት ለመጀመር የመረጠው ከአሜሪካ ሌላኛ ጫፍ ነበር። ሳን ፍራንሲስኮና አካባቢዋ የተኳሾች መናኸሪያ ነበሩ፤ በባሕሩ ማዶ በሼል ማውንድ መናፈሻ የነበረው የተኩስ ሜዳም በ1901 ብሔራዊውን በዓል አስተናግዶ ነበር። ፖፕ መሣሪያዎቹን ጭኖ ሄዶ በ1906 መሥሪያ ቤቱን ከፈተ። ሥራውን ከጀመረ ብዙም ሳይቆይ፣ ሚያዝያ 18 ቀን ማለዳ ከተማይቱ በምድር መንቀጥቀጥ ተናወጠች፤ ቀጥሎ የተነሣውም እሳት ለቀናት ነድዶ የከተማይቱን መካከል አወደመ። የፖፕ መሥሪያ ቤትም አብሮ ጠፋ። ዕድሜው 45 ሊሞላ የተቃረበው መሐንዲስ የብዙ ዓመት ድካሙ ዐመድ ሆኖ አየ። ለአንድ ሥራ ብቻ ተስማምተው በእጅ የተሠሩ መሣሪያዎች በገንዘብ የሚተኩ አይደሉም፤ እንደ ገና ከመጀመሪያው መሥራት ያስፈልጋል።

ሠራቸውም። ወደ ምሥራቅ ተመልሶ በመጨረሻ በ1908 ገደማ ከኒው ዮርክ ማዶ በጀርዚ ሲቲ፣ በሞሪስ መንገድ ቁጥር 18 ከሚገኝ የፋብሪካ ሕንጻ ፎቅ ላይ አንድ ክፍል ተከራየ። ከዚያ በኋላ አርባ ዓመት ያህል ያሳለፈው በዚያው ክፍል ነው። ወንዙን ተሻግሮ በማንሃተን የዜትለር ወንድማማቾች የቤት ውስጥ የተኩስ አዳራሽ ስለ ነበረ፣ ክረምት በገባ ጊዜ ተኳሾቹ እዚያ በአነስተኛ ጠመንጃ ይወዳደሩ ነበር። ፖፕ በአገሩ ሁሉ ላሉ ማኅበሮች የሚሠራ ሆኖ ሳለ፣ ወዳጆቹ ግን በዚህ ዓይነት አዳራሾችና ሜዳዎች የሚያገኛቸው ሰዎች ነበሩ። እርሱ የሠራውን በርሜል ተሸክሞ የሚመጣው ሰው ስለ ውጤቱ የሚነግረው ሁሉ ለሚቀጥለው በርሜል ትምህርት ይሆነው ነበር።

የአንደኛው ዓለም ጦርነት ለዚህ ጨዋታ ክፉ ዘመን አመጣ። አሜሪካ በ1917 ከጀርመን ጋር ጦርነት በገጠመች ጊዜ፣ ጀርመንኛ ስም ያለው ማኅበር ሁሉ በጥርጣሬ ዓይን ታየ። ጠመንጃ ይዘው የሚሰበሰቡ የጀርመን ተወላጆች ማኅበሮችማ ይልቁን ተጠሉ። ብዙዎቹ ተበተኑ፤ ሜዳዎቻቸውም ከተሞች እየሰፉ ሲሄዱ ለቤት መሥሪያ ተሸጡ። ሃምሳ ዓመት ሙሉ በእሑድ ቀን በወዳጅነት ሲያገናኝ የኖረ ልማድ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተዳከመ። የፖፕ በርሜል ከፊት የሚጎርስ በመሆኑ አዲሱ የጦር ሠራዊት ዓይነት ጠመንጃ ገበያውን ሲይዝ ጊዜው ያለፈበት መሰለ። ፖፕ ግን እጁን ወደ አነስተኛው ባለ 0.22 ኢንች ጠመንጃ መለሰ፤ ለአዲሶቹ ማኅበሮች ተወዳዳሪዎችም በዚያው ትዕግሥት በርሜል ይቦረቡር ጀመር። የጨዋታው መልክ ቢለወጥም በሜዳው ላይ የሚፈለገው ነገር ያው ትክክለኛነት ነበርና ሥራ አላጣም።

በጀርዚ ሲቲ የነበረውን መሥሪያ ቤቱን ያዩ ሰዎች ሁሉ የሚያወሱት የዕቃውን ብዛት ነው። ጠመንጃ፣ ዘንግ፣ ሳጥን፣ ወረቀትና ብረት እስከ ጣራው ተከምረው፣ በመካከላቸው አንድ ሰው በጎን ተጣብቆ የሚያልፍበት ስርጥ ብቻ ነበር። ረዳት አልነበረውም፤ ከቀኑም ከሌሊቱም ብዙውን ሰዓት ብቻውን ይሠራል። ከአገሩ ሁሉ ደብዳቤ ይጎርፍለታል፤ አብዛኛው ግን መልስ አያገኝም። በርሜል ያዘዘ ሰው ወራት፣ አንዳንዱም ዓመታት ይጠብቃል። በበሩ ላይ ሥራ የሚረከብበት ቀን እንደማይነገር፣ በዚህ የማይስማማም ዕቃውን ወደ ሌላ ሰው ሊወስድ እንደሚችል የሚያስታውቅ ጽሑፍ ሰቅሎ ነበር። ይህን አንብቦ የሚስቅም፣ የሚቆጣም ነበር። ከሁሉም የሚበዛው ግን አንብቦ የሚጠብቀው ነበር።

በዚህ ጉዳይ ፖፕን ፍጹም ሰው አድርጎ ማቅረብ እውነትን መሸፈን ይሆናል። የሚጠብቀው ደንበኛ ሰው ነው፤ ዕድሜም ሆነ የማየት ኃይል አያቆይለትም። በስድሳ ዓመቱ በርሜል ያዘዘ ተኳሽ ጠመንጃው ሲደርስለት ዓይኑ ዒላማውን መለየት አቅቶት ሊያገኘው ይችላል። ከሚችለው በላይ ሥራ መቀበል፣ መልስ ሊሰጥ የሚገባውን ደብዳቤ መተው፣ ዕውቀትን ለደቀ መዝሙር አለማስተላለፍ በማንኛውም ሙያ ጉድለት ነው። ፖፕ ይህ ሁሉ ጉድለት ነበረበት። በሌላ በኩል ግን በአንድ ነገር ማንንም አላታለለም። ካልረካበት ሥራ ላይ ስሙን አላሳረፈም፤ የማይጠብቀውን ቀጠሮም እጠብቃለሁ ብሎ ቃል መግባት ተወ። የበሩ ጽሑፍ ደንበኞችን መናቅ ቢመስልም፣ በሌላ መልኩ ሲታይ ከውሸት ቀጠሮ የተሻለ ሐቀኝነት ነበር። ዋጋውን በመጨመር ተጠባባቂውን መቀነስ ይችል እንደ ነበር ግልጽ ነው፤ ነገር ግን ሀብታም ሆኖ አልሞተም።

በ1930ዎቹ ዓመታት ሉሽን ኬሪ የተባለው ደራሲ ይህን ሽማግሌ ካወቀ በኋላ፣ እርሱን የሚመስል ጄ. ኤም. ፓይን የተባለ ጠመንጃ ሠሪ በልቦለድ ታሪኮቹ ውስጥ ፈጠረ። ታሪኮቹ በሰፊው በሚነበብ ሳምንታዊ መጽሔት ስለ ወጡ፣ ተኩስ ሜዳ ረግጠው የማያውቁ ሰዎች ሳይቀሩ ሥራውን እንጂ ቀጠሮውን የማያከብረውን ግትር ሽማግሌ ወደዱት። ሰውየው ግን ዝናው ከመጣም በኋላ በዚያው ክፍል፣ በዚያው ስርጥ እየተላለፈ፣ ሰማንያ ዓመት ካለፈውም በኋላ ይሠራ ነበር። ሃሪ ፖፕ በጥቅምት ወር 1950 በ89 ዓመቱ ዐረፈ።

ከመሞቱ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ በ1948 የአሜሪካ የአንድ ጎራሽ ጠመንጃ ማኅበር ተቋቁሞ የጥንቱን የ200 ያርድ ውድድር እንደ ገና ማካሄድ ጀምሮ ነበር። ስለዚህ ሽማግሌው ጨዋታው ፈጽሞ ጠፍቷል ብሎ አልሞተም። ዛሬም በዚያ አገር በሚገኙ ትናንሽ ማኅበሮች ሰዎች በበጋ ወራት ተሰብስበው፣ አንዲቱን ቀለህ በየተኩሱ እየሞሉ፣ እርሳሱን ከፊት እየገፉ፣ በማነጣጠሪያቸው ላይ ያለውን ውኃ ልክ እያዩ ቆመው ይተኩሳሉ። በውድድሩ መካከል አንዱ የሌላውን ውጤት ይጽፍለታል፤ መሣሪያ የተሰበረበት ከጎረቤቱ ይዋሳል። የፖፕ ስም የተቀረጸበት በርሜል ከሰልፉ የተገኘ እንደ ሆነ፣ ባለቤቱ ሳይጠየቅ ያሳያል፤ ሌሎቹም ተራ በተራ እየቀረቡ ውስጡን በብርሃን ይመለከቱታል።

የሃሪ ፖፕ ሕይወት በመጀመሪያ ለተነሣው ጥያቄ ቀላል መልስ አይሰጥም። ቀጠሮውን ያከበረ ሰው ቢሆን ኖሮ ብዙ ሰዎች ባልተበሳጩ፣ ብዙ በርሜሎችም በተሠሩ ነበር፤ ምናልባት ግን አንዳቸውም ከመቶ ዓመት በኋላ ወደ ብርሃን ተይዘው ባልታዩ። ሥራው ከአንድ ወዳጃዊ ጨዋታ ያላለፈ መሆኑም ዋጋውን አያሳንሰውም። ጨዋታውን የመረጡት ሰዎች እርስ በርሳቸው እውነተኛ ዳኝነት ይፈልጉ ነበር፤ ያን ዳኝነት ሊሰጥ የሚችለው ደግሞ የራሱ ስሕተት የሌለበት መሣሪያ ብቻ ነው። መሐንዲስ ከሰዎች የሚቀበለው አደራም በመሠረቱ ከዚህ አይለይም። ድልድዩም ሆነ በርሜሉ፣ የሚጠቀምበት ሰው ስሕተቱ የራሱ ብቻ እንዲሆን አድርጎ መሠራት አለበት። ፖፕ ይህን አደራ ጠብቋል፤ የጊዜን አደራ ግን አልጠበቀም። ከእርሱ በኋላ የሚመጣ ባለሙያ ሁለቱንም ለመጠበቅ መጣር ይገባዋል፤ ሁለቱ አልታረቅ ያሉት እንደ ሆነ ግን፣ ቢያንስ እንደ ፖፕ እውነቱን በበሩ ላይ ጽፎ መስቀል አለበት።